ጎሚስታው ግድግዳውን የበሳው ለምን ነበር

ጎሚስታው ግድግዳ ውስጥ ወርቅ ቀብሯል ተባለ። ድሮ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ አንድ መንገደኛ ጎማው ተንፍሶበት ሱቁ ደጃፍ ቆመ አሉ። ጎሚስታው ጎማውን ፈልቅቆ ካላማዳሪያውን፣ ነፋስ የሚሞላበትን የውስጥ ላስቲክ፣ ሲያወጣ፣ ላስቲኩ ውስጥ የተጠቀለለ ወርቅ አገኘ። ትንፍሽ ሳይል በሌላ ላስቲክ ቀይሮ፣ ነፍቶ፣ «መልካም መንገድ» ብሎ ሸኘው። ወርቁን የቤቱ ግድግዳ ውስጥ ከትቶ በሲሚንቶ ለሰነበት። አሁን እርጅና መጣና ቦታው ጠፋበት፤ ለዚህ ነው በጠራራ ፀሐይ በመሮና በመዶሻ የገዛ ግድግዳውን ሲወቅር የሚውለው።

ይህን ወሬ የፈበረከው ፀጉር አስተካካዩ ነው አልልም። ብቻ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወሬውን ሳይሰማ የተነሣ ሰው የለም፤ የወርቁም ክብደት በተላጨው ሰው ልክ ይጨምር ነበር።

ውሸት ነው። ወርቅ የለም። ጎሚስታው ግድግዳውን የበሳው ነፋስ ፍለጋ ነው። ይህን ስናገር ሰዉ አፉን አጣሞ ያየኛል፤ ወርቁን ማመን ይቀለዋል። እኔ ምን ላድርግ፣ የሆነው እሱ ነው።

ሰውየውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሱቁ አደባባዩን አለፍ ብሎ ያለው፣ በሩ ላይ ያረጁ ጎማዎች የተደረደሩበት፣ ኮምፕረሰሩ እንደ አዛውንት የሚያስለው ነው። እጁ ከጥቁረቱ የተነሣ ለሠርጉ ቀን ጓንት አድርጎ ነበር ይባላል። ይሄኛው እንኳ እውነት ነው፤ ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። ሥራው ቀዳዳ መድፈን ነው። ካላማዳሪያውን ይነፋና ውሃ የሞላ ገንዳ ውስጥ ይደፍቀዋል፤ አረፋ ከወጣበት ላይ ጣቱን ያሳርፍና «እዚህ ነሽ የኔ እመቤት» ይላል። ከዚያ ይፍቃል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ይለጥፋል። ዕድሜውን ሙሉ ነፋስ እንዳያመልጥ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው።

ቤቱንም በዚሁ መንፈስ ነበር የያዘው። በየበሩ ሥር፣ በየመስኮቱ ዳር የካላማዳሪያ ቁራጭ እየቸነከረ አቧራ፣ ብርድና በረሮ የሚገቡበትን ሁሉ ዘጋ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ሳትል «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ይሄ ቤት ተነፍቶ ይንከባለልና መንገድ ለመንገድ ስንፈልገው እንውላለን» ትለው ነበር።

ቤቱ መጀመሪያ ሳሎንና መኝታ ቤት፣ ከጀርባም ማድ ቤት ብቻ ነበር። መኝታ ቤቱ በግራም በቀኝም መስኮት ነበረው፤ ፊት ለፊት የሚተያዩ። ሁለቱ ሲከፈቱ መጋረጃው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲል፣ ሰፊዋ «ቤታችን ይተነፍሳል» ትላለች።

ኋላ ወንዱ ልጅ ድምፁ ጎረነነና የራሴ ክፍል ካልተሠራልኝ ብሎ አኮረፈ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ክፍሉ ከመኝታ ቤቱ የቀኝ ግድግዳ ጋር ተቀጠለ፤ በሩ ወደ ግቢው ሆነ። እንግዲህ የእናትና የአባት መስኮት የጎረምሳ አልጋ ላይ ተከፍቶ ሊኖር ነው? አይሆንም። ጎሚስታው መስኮቱን ነቀለና ብሎኬት ደረደረበት። ጥቂት ቆይቶ ሴቷ ልጅ «ለሱ ተሠርቶ ለኔ የማይሠራው የእንጀራ ልጅ ነኝ?» አለች። ለሷም በግራ በኩል ተቀጠለ፤ የግራውም መስኮት ተደፈነ። መኝታ ቤቱ በሁለት ልጆች መካከል ተቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ።

ስሕተት ነው ያለ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አየና አደነቀ፤ ግማሹም ሄዶ እንደዚሁ ክፍል ቀጠለ። እዚህ ሰፈር መስኮቱን ለልጁ ያልሰጠ ወላጅ ፈልጋችሁ አምጡ ብትባሉ ጫማችሁን ትጨርሳላችሁ። ሰፊዋ ክፍሎቹ ባለቁ ጊዜ ለእያንዳንዳቸው ቁልፍ ሰጠች። «ይሄ ያንተ ነው፣ ይሄ ያንቺ ነው፤ እኔ እናታችሁ እንኳ አንኳኩቼ ነው የምገባው» አለች። ቃሏንም ጠበቀች፤ ለመጥረግ ስትገባ እንኳ ታንኳኳ ነበር።

ልጆቹ አድገው ወጡ። ወንዱ አገባና ሌላ ሰፈር ተከራየ። የተከራየው ቤት ጠባብ ነውና፣ ለወደፊት ቤቱ እያለ የሚገዛውን ሶፋና ቁም ሣጥን እያመጣ የድሮ ክፍሉ ውስጥ ከመረ። ሴቷም ፎቅ ላይ የሚገኝ ቤት ይዛ ሄደች፤ የሷን ክፍል ካርቶን ሞላው። ሁለቱም ቆልፈው ቁልፋቸውን በኪሳቸው ይዘው ሄዱ። ለምን ቢባሉ «እቃ አለን» ይላሉ። እቃውስ አለ። ግን ሁሉም ሰው እንደሚያውቀው፣ የተቆለፈ ክፍል ማለት በአባት ቤት ውስጥ የተተከለ እግር ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም አልተጎዳም ነበር፤ ሰፊዋ ማሳል እስክትጀምር።

ሐኪሟ አዳምጣ አዳምጣ «ሳንባዋ ደክሟል» አለች። «ብርድ እንዳይመታት፤ ሙቀትም እንዳያፍናት። አየር የሚንቀሳቀስበት፣ ሙቀቱ ከጥግ እስከ ጥግ እኩል የሆነ ክፍል ያስፈልጋታል።»

«ይሄ ፋርማሲ አይገኝም ማለት ነው?» አለ ጎሚስታው።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ሰፊዋ ግን ሳቀች፤ ሳቋም ሳል ሆኖ አለቀ።

ቤቱ ደግሞ እኩል የሚባል ነገር አያውቅም። ሳሎኑ ፀሐይ የማይጎበኘው፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ከመንገዱ አቧራ የሚዘንብበት ነው፤ ቀን በቀን ካፖርት ያስለብሳል። መኝታ ቤቱ ደግሞ ከላይ ቆርቆሮው ይጋግረዋል፣ ከጀርባ ማድ ቤቱ ያሞቀዋል፣ በግራና በቀኝ የልጆቹ ክፍሎች እንደ ብርድ ልብስ ጠቅልለውታል፤ ረፋድ ላይ ዳቦ ቤት ይሆናል። ሳሎን ሲያስተኛት ደረቷ ይጨመደዳል፣ ሳሉ ይብሳል። መኝታ ቤት ሲመልሳት አፏን ከፍታ እንደ ዓሣ ትሆናለች። አልጋውን ሳሎኑና መኝታ ቤቱ የሚገናኙበት በር ላይ አጋደመው።

«እንዴት ነው?» አላት።

«ራሴ ዳቦ ቤት፣ እግሬ ሥጋ ቤት» አለች። «መሐሌን ጠይቀው፣ እሱ ይስማማው እንደሁ።»

ቬንትሌተር አመጣ። ቬንትሌተሩ ያንኑ የሞቀ አየር እንደ ሾርባ ማማሰል ሆነ ሥራው። ቀጥሎ ዕድሜ ልኩን የቸነከረውን ላስቲክ ሁሉ ከበሩም ከመስኮቱም ገፎ አወለቀ፤ ግቢው በካላማዳሪያ ቁራጭ ተሞላ። ከሳሎን የሚመጣው ብርድ ወለል ለወለል እየተሳበ ገብቶ ቁርጭምጭሚት ይይዛል እንጂ ሙቀቱን ከላዩ ፈቀቅ አላደረገውም። ከዚያ ጣራ ላይ ወጣና አንድ ቆርቆሮ ከፍቶ ቱቦ ተከለ፤ ዝናብ እንዳይገባ ቆብ አደረገለት። ወረደና ብርዱ እንዳይገባ የሳሎኑን በር ዘግቶ ከሥሩ ክብሪት ጫረ። ጢሱ ወደ ቱቦው ከሄደ ሙቀቱ መውጫ አግኝቷል ማለት ነው። ነበልባሉ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ። ጢሱም እዚያው ተንሳፍፎ ቀረ።

ክብሪቱ ጣቱን እስኪያቃጥለው ሲያየው ቆየና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ገባኝ» አለ። «የሚገባ ከሌለ የሚወጣ የለም። እኔ በጎማ ለምጄ፣ አንድ ቀዳዳ የሚበቃ መስሎኝ። ቤት ሁለት አፍንጫ ነው የሚፈልገው።»

«የነበሩትን ሁለቱን ማን ደፈናቸው?» አለች ሰፊዋ።

 መሮና መዶሻ አነሣ።

እንግዲህ ሰፈሩ የሰማው የወርቅ ቁፋሮ ይሄ ነው። የገዛ እጁ የደረደረውን ብሎኬት አንድ በአንድ ፈልቅቆ የቀኙን መስኮት አፍ መለሰ። ብርሃን ይገባል ብሎ ሲጠብቅ ጣውላ ተገተረበት። የልጁ ቁም ሣጥን ጀርባ ነው። በሁለት እጁ ገፋው፤ ቁም ሣጥኑን ደግሞ ሶፋው ደግፎታል፣ ሶፋውን ጠረጴዛው፤ ንቅንቅ አላለም። በግራ በኩል ፈለቀቀ። እዚያም ካርቶን በካርቶን ላይ፣ እስከ ኮርኒሱ። የብል መድኃኒት ሽታ ግን ሳይከለክሉት ገባ።

«ምን አገኘህ?» አለች ከአልጋዋ።

«ቁም ሣጥን።»

«ይተነፍሳል?»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ የሰማ የለም።

በማግሥቱ ፀጉር አስተካካዩ ሱቁ ድረስ መጥቶ፣ ደንበኞች ባሉበት፣ «አንተ፣ ለከተማው መኪና ሁሉ ነፋስ ትሞላለህ፣ ለሚስትህ ግን ነፈግሃት አሉ!» አለው። ለቀልድ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎሚስታው የባሰውን ይመልስለት ነበር። የዚያን ቀን ግን የያዘውን ጎማ አስቀምጦ ትንሽ አየውና፣ «ቁልፍ ነው ያጣሁት» አለ፤ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ «ምላሴን በቆረጠው ብዬ ሄድኩ» ይላል። ስለ ወርቁ ማውራቱን ግን አልተወም።

እሑድ ልጆቹን ጠራቸው። መጡ። ፍራፍሬም ይዘው መጡ፣ እናታቸውንም ሳሙ፤ ክፉ ልጆች ናቸው ብዬ እንዳላሳስታችሁ። ሳሎን ተቀመጡና አባታቸው ጉዳዩን ነገራቸው።

«ሌላ ምንም አልፈልግም» አለ። «ያንተን ቁም ሣጥን፣ ያንቺንም ካርቶን ከመስኮቱ አፍ ላይ ፈቀቅ አድርጉልኝ። በግቢው በኩል ያሉት በሮቻችሁ ቀን ቀን ተከፍተው ይዋሉ። በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል፤ የተረፈውን ሙቀት ቱቦው ይስበዋል። አለቀ።»

ወንዱ ልጅ ፊቱ ተለዋወጠ። «ቆይ አባዬ፣ ክፍሌን በሳኸው?»

«የኔን ግድግዳ ነው የበሳሁት።»

«ያው አይደለም እንዴ? ሶፋው እኮ ገና ላስቲኩ እንኳ አልተገፈፈም። በሩ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ከዋለ አቧራ ሊጫወትበት ነው?»

«ስለ ሶፋ ታወራለህ?» አለች እህቱ። «እናታችን እኮ ናት!»

«እሺ ያንቺን ክፈቺያ።»

«የኔ ብቻ ቢከፈት ምን ዋጋ አለው? አባዬ ራሱ ሁለት ቀዳዳ ነው የሚለው። አንተ ክፈት፣ እኔ እከተላለሁ።»

«ለምን እኔ እቀድማለሁ?»

«ታላቅ አይደለህ?»

«ኧረ! ታላቅነቴ ዛሬ ትዝ አለሽ?»

«ትዝ የሚለኝማ ብዙ ነው፤ እናቴ ተኝታለች ብዬ ነው።»

እንዲህ ሲወራወሩ ወንዱ ልጅ የሆዱ አመለጠው። «ግድግዳው ከተከፈተ በኋላ ክፍሉ የማን ነው? የኔ ነው ወይስ የመኝታ ቤቱ? ነገ ስንነጋገር ምን ልንባባል ነው?»

 እህቱ ተቆጥታ አፏን ከፈተች፤ ነገር ግን ጥያቄው የሷም ጥያቄ ስለነበር መልሳ ዘጋችው።

«ማን ሞተና ነው ነገ የምትነጋገሩት?» አለ ጎሚስታው። 

ከመኝታ ቤት የሰፊዋ ድምፅ መጣ። «ተዋቸው! እሰማለሁ እኮ፣ የታመመው ጆሮዬ አይደለም።»

ልጅቷ ተነሥታ ገባችና አልጋው ጎን ተንበረከከች። «እማዬ፣ እኔ ጋ እንሂድ። ቤቴ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ መስኮቱም ሰፊ ነው።»

«ያንቺ ቤት ደረጃው ይገድለኛል፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «ከሄድኩም ደግሞ አልመለስም። እዚሁ ቤቴ ልሁን። ትንሽ ነፋስ ነው የምፈልገው፣ ሌላ ምንም አላስቸግራችሁም።»

ልጅቷ አለቀሰች። ወንዱም ዓይኑ ቀልቶ «ቅዳሜ መጥቼ እከፍታለሁ» አለ። ሁሉም እሺ አለ። ቅዳሜ ሲደርስ ስልክ ደወለና ቁልፉ እንደጠፋበት፣ እየፈለገ እንደሆነ ተናገረ። እህቱ «እሱ በከፈተ ቀን መጥቼ እከፍታለሁ» አለች። የሚቀጥለውም ቅዳሜ ቁልፉ አልተገኘም። ስለ ቁልፉ መጠየቅ ነውር እየመሰለ መጣ።

አንድ ቀን ጎሚስታው ትዕግሥቱ አለቀና ጎማ የሚፈለቅቅበትን ብረት ይዞ ከሱቁ መጣ። በግቢው በኩል ወደ ልጁ በር ሲያልፍ ሰፊዋ ከአልጋዋ ሆና በተከፈተው የሳሎን በር አየችው።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ብረት ነው።»

«ብረት መሆኑንማ አየሁ። ምን ልታደርግበት ነው?»

«ምን ላድርግበት? ልከፍተው ነዋ! እስቲ ንገሪኝ፣ ሶፋ ካንቺ ይበልጣል?»

አየር እስክትሰበስብ ድረስ ቆመ። «ያንተ ነው ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። «እናቴ ሰጥታ ቀማችኝ እንዲል አልፈልግም። ከሞትኩ በኋላ እንዲህ እያለ እንዲኖር አልፈልግም። አንኳኩቼ ነው የምገባው ብያለሁ። አንኳኳ።»

«ማን አለና ነው የማንኳኳው?»

«አንኳኳ አልኩህ።»

ሄደና አንኳኳ። እውነቴን ነው፤ ያ ብረት በግራ እጁ እንደተንጠለጠለ፣ ሶፋና ጠረጴዛ ብቻ ያለበትን የተቆለፈ ክፍል፣ ቀስ አድርጎ በጣቱ አጥንት አንኳኳ። ጥቂት ጠበቀ። ተመለሰ።

«አይከፍትም» አላት።

«እንግዲያው የለም» አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ብረቱን ወደ ሱቁ መለሰው። ሰብሮ መግባት ነበረበት የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሲላጩ ሁሉም ጀግና ናቸው። እነሱ ግን ያቺ ሴት ቁና ቁና እየተነፈሰች «ተው» ስትል አልሰሙም።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሱቁን እየዘጋ ቤቱ ይውል ጀመር። የአዲስ ጎማ ካርቶን ቀድዶ ያራግብላታል። ክንዱ ሲዝል እጅ ይቀይራል። ቆርቆሮው እየተንጣጣ የሚግልበት አንድ ከሰዓት፣ እንዲሁ እያራገበላት ሳለ ሞተች። መቼ እንደሆነ አላወቀም። የተኛች መስሎት ማራገቡን ቀጥሎ ነበር፤ ውሃ ይዛ የገባች ጎረቤት ናት ካርቶኑን ከእጁ የወሰደችው። ክፍሉ ቢስተካከልላት ኖሮ ትቆይ ነበር ወይ ብሎ ሐኪሟን የጠየቀ የለም። እሷም ፈቅዳ አልተናገረችም።

ከቀብር ሲመለሱ ሰዉ ግቢውን ሞላው። መቀመጫም ማረፊያም ጠፋ። ወንዱ ልጅ ድምፁ እስኪዘጋ ያለቀሰ ነው፤ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ቁልፉን አውጥቶ ክፍሉን ከፈተ። ክፈት ያለው ሰው አልነበረም። ወጣቶች ገቡና ሶፋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ቁም ሣጥኑን ተሸክመው ግቢ አወጡ። ሽማግሌዎች ላስቲኩ ባልተገፈፈው ሶፋ ላይ ተደረደሩ፤ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ላስቲኩ ይንጫጫል፣ እነሱም አፍረው ድርቅ ብለው ይቀመጣሉ። እህቱም የሷን ከፈተች። ካርቶኖቹ አጥሩ ሥር ተከመሩ፣ ሴቶች እዚያ ክፍል ገብተው ተቀመጡ። የሰፊዋን አልጋ አውጥተው መኝታ ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አስገቡ።

ነፋሱ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከቀኙ ክፍል በመስኮቱ አፍ ገባ፣ መኝታ ቤቱን አቋርጦ በግራው ወጣ። ጣራው ላይ ያለው ቱቦ፣ ከተተከለ ጀምሮ ድምፅ አሰምቶ የማያውቀው፣ እም ማለት ጀመረ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሻሻቸውን ያዙ። አንዷ «እሰይ፣ እዚህስ ነፋሻ ነው» ብላ ጀመረችና ጎሚስታውን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

ጎሚስታው ከተቀመጠበት ተነሣ። መዳፉን ዘርግቶ፣ ካላማዳሪያ ላይ ቀዳዳ ሲፈልግ እንደሚያደርገው ጣቶቹን ለያይቶ፣ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው በቀስታ ሄደ። ሰዎች እግራቸውን እየሰበሰቡ አሳለፉት። መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። እጁን ዝቅ አደረገ፣ ከፍ አደረገ፣ እንደገና አልጋ ልክ ዝቅ አድርጎ ያዘው። ልጆቹ እያንዳንዳቸው በየክፍላቸው በኩል፣ በመስኮቶቹ አፍ ውስጥ ይታዩ ነበር።

«አልጋዋ እዚህ ጋ ነበር መሆን የነበረበት» አለ።